የሰዓቱ ፊልም

ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት እሠራ ነበር። ደመወዝ የለውም። በር ላይ ሃምሳ ሳንቲም እቀበላለሁ፣ ካሴት አጠነጥናለሁ፣ በነጻ አያለሁ። ቤቱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። አግዳሚው አምስት፣ ሰዉ ስልሳ። ከሰዓት ላይ ጣሪያው ሲግል ሸሚዝ አውልቆ ማየት ነውር አልነበረም።

የፊልም ስም የሚያውቅ የለም። «ዛሬ ምንድነው?» ሲሉኝ «የሰካራሙ» ወይም «የወፍራሙ» እላለሁ። ይገባቸዋል። ቤቱን ጢም አድርጎ የሚሞላው ግን «የሰዓቱ» ነበር።

«የሰዓቱ» የምንለው ጃኪ ቻን በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ራሱ ዳይሬክት ያደረገው «ፕሮጀክት ኤ» መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አክተሩ ከረጅም ማማ ላይ የሰዓቱን ቆጣሪ ይዞ ይንጠለጠላል። እጁ ይዝላል። ይለቃል። ሁለት የጨርቅ ጥላ ቀዳዶ መሬት ላይ ይዘረጋል። አወዳደቁን ሁለቴ ያሳዩናል። ለኛ ሁለት አልበቃንም። ቤቱ በአንድ ድምፅ «መልሰው!» ይላል። እኔም እመልሳለሁ። ጋሼ (ባለቤቱን እንዲህ ነበር የምንለው) ከውጭ ይጮሃል፦ «አንተ! ሄዱን ጨረስከው!» ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን የማጫወቻውን ክፍል) በአልኮል የሚያጸዳው እሱ ነዋ።

ጋሼ አንድ ክፉ አመል ነበረው። ቦሱ ከተሸነፈ በኋላ አንዲት ደቂቃ አይታገስም። ጽሑፉ መውጣት ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ያጠፋና «አለቀ፣ ውጡ!» ይላል። ቀጣዩ ተመልካች ደጅ ተሰልፏል።

አንድ ቀን ለቅሶ ሄዶ ቁልፉን ለኔ ተወ። አላጠፋሁትም። የቻይንኛው ጽሑፍ ወደ ላይ እየሄደ፣ ከጎኑ ያልተሳካው ቀረጻ መጣ። ጃኪ ይዘላል፣ ይስታል፣ ይወድቃል። ሰዎች ሮጠው ይከቡታል። ፊቱን ያጨማድዳል። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ቤት ጸጥ አለ። ደጃችን ጫማ የሚጠርግ አንድ ሊስትሮ ብቻ «እንዴ! በካሜራ ነው አላላችሁም?» አለ። ብለን ነበር። ለካ ያማል።

የነዚህ የሆንግ ኮንግ ሰዎች ቀልድ ምኑ ላይ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ይመስለኛል። ብሩስ ሊ ሲመታ አይቶ ሰው ይፈራል። ጃኪ መትቶ ዞር ይልና እጁን ያራግፋል፤ የመታው አጥንት አሞታል። ብሩስ ሊ በ1973 ሲሞት የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪዎች ምትክ ፍለጋ ወጡ። ጃኪንም ኮስታራ አድርገው ሞከሩት፣ አልሸጠም። በ1978 ዩን ዉ-ፒንግ የሚባል ዳይሬክተር ነው ነገሩን የገለበጠው። ጀግናውን ሰነፍ፣ ተንኮለኛና ዱላ የሚበላ ልጅ አደረገው። አስተማሪው ደግሞ ሰካራም ሽማግሌ። ሽማግሌው የዳይሬክተሩ የገዛ አባት ናቸው፤ ስንቴ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ጃኪ፣ ሳሞ ሁንግ (የኛ «ወፍራሙ») እና ዩን ቢያው ያደጉት አንድ ቤት ነው። ዩ ጂም-ዩን የሚባሉ መምህር ሆንግ ኮንግ ውስጥ የፔኪንግ ኦፔራ (ዘፈንና መገለባበጥ ያለበት የቻይና ቲያትር) ያስተምሩ ነበር። ጃኪ በሰባት ዓመቱ ገብቶ አስር ዓመት ገደማ ኖረ። እዚያ ረጅም ሰዓት በእጅ መቆም፣ መገለባበጥ፣ መዝፈን አለ። ዱላም አለ፣ በደንብ አለ። ስለዚህ ወፍራሙ ያ ሁሉ ኪሎ ይዞ እንደ ድመት ሲገለበጥ ተአምር አልነበረም። የኔታ ቤት የተማረ ሰው ሊገባው ይችላል።

ንግግሩ ግን አይገባንም ነበር። አንዱ ካሴት በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በራሳቸው ቋንቋ፣ ለኛ ሁለቱም ያው። አልጎደለብንም፤ መውደቅ ትርጉም አይፈልግም። እስቲቨን ቻው የሚባለው የሆንግ ኮንግ ኮሜዲያን ላይ ሲደርስ ነው የሚጎድለው። የሱ ጨዋታ ግማሹ በካንቶንኛ (በሆንግ ኮንግ ቋንቋ) ቃል መቀለድ ነው፤ ሰምና ወርቅ ለፈረንጅ እንደማስረዳት በሉት። በ2004 የሠራው «ኩንግ ፉ ሃስል» ግን ሐዋሳም ገባ፣ በዲቪዲ። ቢጎዲን ጠቅልላ፣ ሲጋራ ጎርሳ፣ ሰው ሳሙና ተቀብቶ ሳለ ውሃ የምትዘጋ አከራይ አለችበት። ተከራይ ሆኖ ያልሳቀ የለም። እሷን የሠራችው ዩን ቺዩም፣ ባሏን የሠራው ዩን ዋም የዚያው ኦፔራ ቤት ልጆች ናቸው። ዩን ዋ ድሮ ፊልም ላይ በብሩስ ሊ ቦታ ይገለበጥለት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ «የሰዓቱን» በስልኬ ከፈትኩት። ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ጥርት ያለ ነው። ማማው ደረሰ። ተንጠለጠለ፣ ለቀቀ፣ ወደቀ። ደርቆ ቀረብኝ። የሆነ ነገር የለም። አንዴ ወደኋላ መልሼ አየሁት፣ አሁንም የለም።

ዝናቡ ነው የሌለው። እኛ ቤት ጃኪ ሲወድቅ ሁልጊዜ ይዘንብ ነበር፤ ነጭ፣ ቀጭን ዝናብ፣ ከላይ እስከ ታች። እስከዛሬ የፊልሙ ይመስለኝ ነበር። እኔ ነኝ እየመለስኩ እየመለስኩ ካሴቱን የፋቅኩት።