ሞልቶ የተዘጋው ቡት

አልነሳ ብሎ የነበረው ላፕቶፔ ተነሳ። ያለ ፎርማት። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት መማር ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ትንሽ ብኩራራ ይቅር በሉኝ።

ስለ ጅማሬው ብዙ አልልም። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት መጫን፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) መልመድ፣ ትእዛዝ በቃል መያዝ፤ ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው። ወሬው ያለው የሰሞኑ አፕዴት ላይ ነው። መሃል ላይ ቀጥ አለ። አጥፍቼ ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ «ከርነል ፓኒክ» የሚል መጣ፤ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል መቀጠል አቅቶት ቆመ ማለት ነው። ዋናውን የፋይል ሥርዓት መክፈት አልቻልኩም ይላል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት «ሀርድ ዲስኩ ሄደ» ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ዲስኩ ደህና ነው።

ከርነሉ ሲነሳ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል አጋዥ ፋይል ይፈልጋል። ዲስኩን የሚያስከፍቱት ድራይቨሮች (ከርነሉን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባቡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። አፕዴቱ አዲሱን ከርነል አስገብቶ አጋዥ ፋይሉን ሳይሠራ ከቆመ፣ ከርነሉ በሩ ላይ ደርሶ ቁልፍ እንዳጣ ሰው ይሆናል።

መግባቱ ቀላል ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ኢስኬፕን፣ አሮጌ ማሽን ከሆነ ሺፍትን መጫን ነው። የትኛው ከርነል ይነሳ ብሎ የሚያስመርጠው የግረብ ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የቀድሞው ከርነል አለ፤ እሱን መርጬ ገባሁ። ፋይሎቼ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። «ፎርማት አድርገው» የሚል ምክር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ፎርማት ጥገና አይደለም። ምን እንደተበላሸ ሳያውቁ መቅበር ነው።

ትግሉ የጀመረው ከገባሁ በኋላ ነው። ዲስኬ የተመሰጠረ ስለሆነ ከርነሎቹና አጋዥ ፋይሎቻቸው የሚቀመጡበት ቡት ለብቻው ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) አለው። የዲስክ ቦታ በሚያሳየው «ዲኤፍ» ትእዛዝ ሳየው 100% ሞልቷል። አሮጌ ከርነሎች ተከምረውበታል፤ አዲሱ ፋይል ማረፊያ አጣ። እንግዲህ ላጽዳ ብዬ ፕሮግራም የሚጭነውንና የሚያነሳውን አፕትን «አውቶሪሙቭ» (የማያስፈልገውን አንሳ) ብለው እምቢ አለኝ። መጀመሪያ የተጀመረውን ጨርስ ይላል። ለመጨረስ ቦታ ያስፈልጋል። ቦታ ለማግኘት ደግሞ መጨረስ። ስሙት እንግዲህ!

መውጫው አፕትን ለጊዜው ትቶ ከአፕት ስር ሆኖ ጭነቱን ወደሚሠራው ዲፒኬጂ መውረድ ነው። መጀመሪያ «ዩኔም ሰረዝ አር» ብዬ አሁን በየትኛው ከርነል ላይ እንዳለሁ አየሁ። እሱ አይነካም። በምንም ተአምር። ቀጥሎ ከሁሉም አሮጌውን ለየሁና የእሱን አጋዥ ፋይል ብቻ ወደ ሆም ፎልደር አዛወርኩ። ልብ በሉ፣ አላጠፋሁትም። ካስፈለገ ይመለሳል። እዚህ ላይ «ሁሉንም ሰርዝ» የሚሉ መመሪያዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። አንድ ፋይል በቂ ነው።

ቦታ እንደተገኘ ዲፒኬጂን ሳይዋቀር የቀረውን በሙሉ እንዲያዋቅር አዘዝኩት። የ«ኮንፊገር» ትእዛዝ ነው፣ መጨረሻው ላይ «ሰረዝ ኤ» ያለበት። አዲሱ ፋይል ተሠራ፣ ግረብም ታደሰ። ያ እምቢ ያለው አውቶሪሙቭ አሁን ያለ ምንም ክርክር አሮጌዎቹን ጠራረገ። ይህን ትእዛዝ እስካሁን በቃሌ አልያዝኩትም፤ ወረቀት ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ስር ለጥፌዋለሁ። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ማስታወሻ ምን ያደርጋል?

ትክክለኛው መፍትሔ ቡትን ማስፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የተመሰጠረ ዲስክ ላይ ፓርቲሽን መነካካት፣ ባካፕ ይዤም ቢሆን፣ ያስፈራኛል። ስለዚህ ከአፕዴት በፊት ዲኤፍን እያየሁ እኖራለሁ። ሌላም መንገድ አለ፦ በኢኒትራምኤፍኤስ ቅንብር ውስጥ «ሞዱልስ» የሚለውን ከ«ሞስት» ወደ «ዴፕ» መቀየር። ያኔ ለዚያ ማሽን የሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ብቻ ስለሚገቡ ፋይሉ ያንሳል። ጣጣው ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ላይነሳ መቻሉ ነው። እኔ ዲስክ ነቅዬ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ስለምወድ አልነካሁትም። እናንተ ከማሽኑ የማትነቅሉት ከሆነ ቀይሩት።