ድራማ ላይ ማንንም አያልበውም

ከስንት ዓመት የቴሌቪዥን ፍጥጫ በኋላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። የአማርኛ ድራማ ላይ ማንንም አያልበውም። መብራት አይጠፋም። ውሃ አይሄድም። ሰዎቹ ይካካዳሉ፣ ይበቃቀላሉ፣ ሞተ የተባለው ባል ከውጭ አገር ይመለሳል፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ልጅ በየክፍሉ አባት ይቀይራል፤ ግን አንድም ቀን "የመብራት ካርድ ሞልታችኋል?" ብሎ የጠየቀ የቤተሰብ አባት አላየሁም። ባጃጅ ተሳፍሮ ዝርዝር ያጣ ጀግናም የለም። የእኔ ኑሮ ደግሞ አብዛኛው ይሄ ነው።

የምጽፈው ከድሬ ዳዋ ነው፣ ከሳቢያን ሰፈር። ግንቦት ነው። ቬንትሌተሩ የሚያወርድብን ሙቅ አየር ነው፣ ቢቆም ግን ይብሳል። በርግጥ የአዲስ አበባውን ደራሲ ሙሉ በሙሉ አልወቅሰውም። እሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው፣ እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ሰውየውን ሳሎን ውስጥ ከነኮቱና ከነክራቫቱ ቢያስቀምጠው ለእሱ አገር ልክ ነው። እኛ ቤት ሰው እንደዛ ለብሶ ሶፋ ላይ ቢቀመጥ ግን እናቴ መጀመሪያ የምትለው "ምነው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለህ እንዴ?" ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ መብራት ነው። መጥፋቱስ ይሁን፣ ሰዓት አመራረጡ ነው። ቀኑን ሙሉ ማንም ቴሌቪዥን ሳይከፍት እንደ ልብ ይበራል። ማታ፣ ልክ ሰውየው ፖስታውን ቀዶ ዓይኑን ሲያፈጥ፣ ድርግም። መጀመሪያ ዝም እንላለን፣ ይመጣል ብለን። ቀጥሎ እናቴ "እስቲ ውጪና እዪ" ትለኛለች። በር ላይ ወጥቼ የጎረቤቱን መስኮት አያለሁ። የእነሱ ከበራ ጉዱ የእኛ ነው፣ ካርድ አልቋል፣ የሚያልቀውም ሱቁም ቢሮውም በተዘጋበት ሰዓት ነው። የእነሱም ከጨለመ "ተመስገን፣ የሁሉም ነው" ብለን ተረጋግተን እንቀመጣለን። ክፋት እንዳይመስላችሁ። የሁሉም ከሆነ ሌላ ሰው ይደውላል ማለት ነው።

ሲመጣም በሰላም አይመጣም። ኃይሉ ይወርዳል ይወጣል፣ ስታቢላይዘሩ ቋ ቋ ይላል፣ ፍሪጁ ያቃስታል፣ ሪሲቨሩ ተነስቶ ቻናሉን እስኪያገኝ ማስታወቂያ ተጀምሯል፣ ማስታወቂያው ሲያልቅ ደግሞ የሚመጣው የሚቀጥለው ሳምንት ቅምሻ ነው። በዚህ መሐል አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ልካለች። "ሞተ እኮ!" ብቻ። ማን እንደሞተ አትናገርም።

አዎ፣ በነጋታው ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፣ አውቃለሁ። እናቴ ግን ስልክ ላይ ድራማ አታይም፣ "ሰዎቹ አነሱብኝ" ትላለች። እኔም ብቻዬን ማየት አይሆንልኝም። ድራማ የሚታየው "አትመኚው፣ ውሸቱን ነው!" ብሎ ስክሪን ላይ የሚጮህ ሰው አጠገብ ሲኖር ነው።

ስለ ዲሽ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ድሬ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ብታዩ ሁለት ዲሽ የተከለ ቤት ታገኛላችሁ። ድሎት አይደለም። የአገራችን ቻናሎች አብዛኞቹ ድሮ ናይልሳት ላይ ከዐረቡ ጋር ተቀላቅለው ነበር የሚታዩት። ኋላ ኢትዮሳት የሚባለው የአገራችን ቻናሎች የጋራ ማስተላለፊያ መጣና ወደ ሌላ ሳተላይት ገቡ። ናይልሳት ያለው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ። መሐላቸው 64 ዲግሪ ስለሆነ እኛ ጣሪያ ላይ ያለችው ተራ ዲሽ የፈለጋችሁትን ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚታሰረው ምልክት መቀበያ) ብትደረድሩባት ሁለቱን አታይም። ወይ የአማርኛውን ትመርጣላችሁ፣ ወይ የዐረብኛውን፣ ወይ ሌላ ዲሽ ትገዛላችሁ። የምሥራቁ ሳተላይት ከአናታችን ብዙ ስለማይርቅ ዲሹ ሽቅብ ወደ ሰማይ ነው የሚያፈጠው። የሳቢያን አቧራ እዛው ይሰበሰባል። ዝናብ ደግሞ ሲበረታ ምልክቱን ይውጠዋል። ድሬ ላይ ዝናብ ተለምኖ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ግን የሚመጣው የመጨረሻው ክፍል ቀን ነው። ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ "ነገ በጠዋት እመጣለሁ" ካለኝ ቆይቷል። የትኛው ነገ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ታዲያ የዐረብኛውን ለምን አትተዉትም የሚል ካለ ድሬን አያውቃትም። ረመዳን ሲገባ የግብፅና የሶርያ ተከታታይ ድራማ ከየቤቱ ይሰማል፣ ከሳምቡሳው ሽታ እኩል ነው ሰፈሩን የሚሞላው። የህንድ ፊልም ራሱ እኛ ሰፈር የታየው ከታች በዐረብኛ እየተጻፈበት ነው። ልጅ ሆነን ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ተሰብስበን እናይ ነበር። ጀግናው በህንድኛ ያወራል፣ ጽሑፉ በዐረብኛ ያልፋል፣ ሐጂ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ሚስቱ ከጓዳ በኦሮምኛ "እንደዛ አላለም" ትላለች። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ የለም፣ ሐጂንም አንተ ነው የምንለው፣ አዲስ አበቤዎች አትደንግጡ።) ሐጂ ዘፈን አይተረጉምም ነበር። ሁለቱ ሰዎች በተራራና በፏፏቴ መሐል ልብስ እየቀያየሩ ስንት ደቂቃ ሙሉ ይዘፍናሉ፣ ሐጂ "ይወዳታል" ይልና ሻዩን ይጠጣል። ከዚያ ወዲህ ያየሁት የትኛውም ትርጉም እንደሱ ቁጥብ አይደለም።

ካና በ2008 ዓ.ም. ሲከፈትና ቱርኮቹ በአማርኛ ማውራት ሲጀምሩ ሐጂ ሥራ ፈታ። ያኔ የአገራችን የፊልምና የቴአትር ሰዎች ሥራችንን ይገድላል ብለው ተቃውመው ነበር። ክርክራቸው ይገባኛል፣ ባዶ ጩኸት አልነበረም። በርካሽ ተገዝቶ ድምፅ ከተቀየረለት ድራማ ጋር ካሜራ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው እንዴት ይወዳደራል? እናቴን ግን ማንም ሊያስጥላት አልቻለም። አንድ ቀን "ምኑ ነው እንዲህ የያዘሽ፣ ታሪኩ እኮ አንድ ዓይነት ነው" አልኳት። "ታሪኩን ማን ያያል፣ ለነፋሱ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኢስታንቡል ባሕር ዳር ቆመው ሲጣሉ ፀጉራቸው ይበተናል፣ መጋረጃው ይውለበለባል፣ ሴትየዋ ሹራቧን ወደ ደረቷ ትሰበስባለች። እናቴ ይሄን እያየች በሰሌን ማራገቢያ ራሷን ታራግባለች።

የአገር ቤቱን አልወድም እንዳትሉኝ ደግሞ። ሰው ለሰው በኢቲቪ ሲታይ እኔም እንደ ሰው ፈዝዤ ነው ያየሁት። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እናቴ ስትረግመው ትውልና አንድ ክፍል ላይ ከቀረ "ዛሬ አስናቀ የለም እንዴ?" ብላ ታኮርፍ ነበር። ግን ደጋግሜ ማየት የምችላቸው ሌሎቹ ናቸው፣ ትንንሽ ነገር ላይ የሚጣሉት። ቤቶች የሚባለው ድራማ ላይ ጥላሁን ጉግሳ፣ እከን ሆኖ፣ በገዛ ቤቱ ሰላም ሲያጣ እኛን ነው የማየው። ትርፌ የምትባለው ሠራተኛቸውም ከቤቱ ሰው በላይ ቤቱን ታውቃለች፣ በየሰፈሩ አንድ ትርፌ አለች። ፋና ላይ የነበረው ምን ልታዘዝ አንዲት ካፌ ይዞ አገሩን በሙሉ ሲጎነትል ነበር፣ በሳቅ መሐል ማን እንደተነካ ለማወቅ ሁለቴ ማየት ያስፈልግ ነበር። አሁን ኢቢኤስ ላይ በስንቱ የሚባለውን አያለሁ። ከእነዚህ አንዳቸውም ላይ ትልቅ ደረጃ ያለው ቪላ አያስፈልግም፣ ታሪኩን የሚገፋው ሰው በቀን የሚያናድደው ነገር ነው። ለእኔ ጥሩ ድራማ እሱ ነው። የፖስታው ምስጢር ሲገለጥ ያልቅለታል፣ የዝርዝር ጭቅጭቅ ግን መቼም አያልቅም።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ይሄ ሁሉንም ይመለከታል። የድሬ ሰው ስክሪን ላይ ሲመጣ ወይ ሽርጥ አገልድሞ ይመጣል፣ ወይ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ ወይ ሁለቱንም ሆኖ። "አቦ!" ይላል፣ ሰው ያስቃል፣ ይሄዳል። ሚስት የለውም፣ ዕዳ የለውም፣ አይከዳም፣ አያለቅስም። አቦ ተዉና! እኛም እኮ የባንክ ብድር አለብን። ሽርጡንና ጫቱን አልክድም፣ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ራሳችሁ ታያላችሁ። ግን ያንን የለበሰው ሰው ሌላም ሐሳብ አለው፣ አንዱ ደራሲ እንኳ ጠይቆት አያውቅም።

ስለዚህ የራሳችን ተከታታይ ኮሜዲ ያስፈልገናል። በነፃ ሐሳብ ልስጣችሁ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ። ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ ሐረሪ፣ አማራ፣ ጉራጌ ተከራዮች፣ ሁሉም የሁሉንም ቋንቋ በግማሽ የሚያውቁ፣ ሲሳደቡ ግን ሙሉ በሙሉ የሚግባቡ። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው የሚሰበሰበው በሌሊት ነው፣ የሰፈሩ ሐሜት ሁሉ ጀሪካን ተሰልፎ ይወራል። የድሬ ውሃ ደግሞ ጨው አለበት፣ ከከርሰ ምድር ኖራ ይዞ ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ቧንቧውም ከውስጥ ይጠብባል። ከአዲስ አበባ ሙሽራ ሆና የመጣች ልጅ የመጀመሪያ ቀን ፀጉሯን ስትታጠብ ሳሙናው እንቢ ሲላት፣ ይሄ ብቻ ለአንድ ክፍል ይበቃል።

ባጃጁን ለብቻው አንድ ክፍል ስጡት። ተሳፋሪዋ 200 ብር ይዛለች፣ 2013 ላይ አዲሱ ብር ሲወጣ የመጣችውን። ሹፌሩ "ወላሂ ዝርዝር የለኝም" ይላል። በስልክ ልላክልህ ትለዋለች። ኔትወርክ የለም። ሁለቱም ወርደው አሸዋ ገበያ ውስጥ ሱቅ በሱቅ ዝርዝር ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ባለሱቁ "ካልገዛችሁ አልዘረዝርም" ይላቸዋል፣ ሙሸበክ፣ ጣፋጩን፣ ይገዛሉ፣ የሙሸበኩ ሻጭ ዝርዝር የላትም። እኔ ይሄን ኖሬዋለሁ፣ ምንም አልጨመርኩበትም።

ሳቅ ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ወንዛችንን ደቻቱን አትርሱት። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ይቀመጥበታል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ላይኛው ተራራ ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ ከተፍ ይላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የክረምት ሌሊት ተራራው ላይ መብረቅ ሲታይ የዚህ ከተማ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል የሚያሳይ አንድ ክፍል ብትሠሩ የሚስቅ የለም፣ ሁሉም ግን ያየዋል።

ቀረጻው ከዚራ ዛፎቹ ሥር ይሁን፣ ጥላ አለ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያም ቅርብ ነው። መገላ ከገባችሁ ደግሞ ድምፅ መቅዳት አትችሉም፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሜካፑን ተዉት፣ አምስት ደቂቃ አይቆይም።

ሐጂን ማን ይጫወተው የሚለው ላይ ብዙ አሰብኩ፣ ከራሱ የተሻለ አላገኘሁም። ሄጄ ነገርኩት። ቴሌቪዥን ላይ አንተን ሆነህ ትሠራለህ አልኩት። ሽርጡን አስተካክሎ ትንሽ አሰበ።

"ስንት ይከፍላሉ?" አለኝ።

አላውቅም፣ ገና ነው አልኩት።

"እሺ ይሁን። ግን ከአሥር ሰዓት በፊት አልሠራም።"