ዋና አዘጋጇ አንድም ጽሑፍ አልጻፈችም

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ተመረጠ። ደውሎ የጠየቀኝ ርዕሰ አንቀጽ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። "ርዕሰ አንቀጹን ተወውና፣ ልጆቹ መቼ መቼ ነው የምትገናኙት?" አልኩት። "ፈረቃ ላይ ነን፣ ብዙም አንገናኝም" አለኝ። በቃ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ይህን የማውቀው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሐዋሳ ያኔ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ናት። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል። ሚኒ ሚዲያ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚሉት በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ የሚለቁት ልጆች ናቸው። እኛ ግን ጋዜጣም ነበረን። ጋዜጣ ስል በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ መሃሉ ላይ የታጠፈ ባለ አራት ገጽ ወረቀት ማለቴ ነው። ጥቂቱ በየክፍሉ ይታደላል፣ አንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የእኔ ሥራ እርማት ነበር። ሐዋሳን በየትኛው "ሀ" እንጻፍ የሚለው ክርክር ብቻውን ግማሽ ስብሰባ በልቷል።

የመጀመሪያው ዋና አዘጋጃችን ገጣሚ ነበር። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግጥም ያነባል፣ ተማሪው ያጨበጭብለታል። አማርኛው ማር ነው። ማን ይምራ ሲባል ሁሉም እሱን ጠራ፤ እኔም ጭምር። ችግሩ የመጣለትን ጽሑፍ ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንደገና መጻፉ ነው። የስፖርት ዘጋቢያችን ስታዲየም ገብቶ የሐዋሳ ከተማን ጨዋታ አይቶ፣ ጽፎ ይመጣል። ጋዜጣው ሲወጣ ሐይቁ አለ፣ የምትጠልቅ ጀምበር አለች፣ የታቦር ተራራ ጥላም አለ። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ ግን የለም። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "ታዲያ እኔ ምን ላደርግ ነው ስታዲየም የምሄደው?" አለ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ጽሑፍ ማምጣት ተዉ። ሁለተኛው እትም ላይ ሦስቱ ገጽ የገጣሚው ነበር። አራተኛው ማስታወቂያ።

ክበቡን የሚከታተሉት የአማርኛ መምህራችን አልተቆጡም። አንድ ቀን ገብተው "አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ማን ምን ይዞ እንዳለ የሚያውቅ አለ?" ብለው ብቻ ጠየቁ። ሁላችንም ወደ አንድ ልጅ ዞርን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ ታይፕ የምታደርግልን። ፓወር ግዕዝ ላይ ጣቷ ይሮጣል እንጂ ድምጿ ብዙ አይሰማም። ወረቀቱ ሁሉ በእጇ ስለሚያልፍ ማን እንዳዘገየ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ የቱ ጽሑፍ ግማሽ ላይ እንደቆመ ታውቃለች። ኃላፊነቱ ወደ እሷ ሄደ። ገጣሚው ትንሽ ቅር ብሎት ከረመና የራሱን አምድ ያዘ። እውነቱን ለመናገር፣ ምርጥ ምርጡን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

እሷ መጀመሪያ ያደረገችው ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገንጥላ ማስመር ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ። ወረቀቱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተሰጠን ቁም ሳጥን በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ለጠፈችው። ግማሾቻችን የጠዋት፣ ግማሾቻችን የከሰዓት ፈረቃ ነን። ሁላችንም የምንገናኘው ጠዋቶቹ ወጥተው ከሰዓቶቹ እስኪገቡ ባለችው ጠባብ ጊዜ ነው፤ እሷም የምሳ ሰዓት ናት። ድሮ ይህችም ጊዜ "እንትና የት አደረሰው?" በመባባል ታልቅ ነበር። አሁን የጠዋቱ ልጅ ጽሑፉን ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ቁልፉን ለቤተ መጻሕፍቷ እትዬ ሰጥቶ ይሄዳል። የከሰዓቱ ልጅ ከዚያ ይቀጥላል።

ያረፈደ ሰው ላይ አትጮህም ነበር። "ምን ያዘህ?" ትላለች፣ መልሱንም ትሰማለች። የስፖርቱ ልጅ ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል እናቱን ዓሣ በመሸጥ እንደሚያግዝ ያወቅነው ያኔ ነው። የሚያስረክብበትን ቀን አዛወረችለት። የጨዋታው ውጤትም ወደ ጋዜጣው ተመለሰ፣ ያውም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።

አንድ ሕግም አወጣች። ባለቤቱ አጠገብ ሳይቀመጥ የማንም ጽሑፍ አይነካም። ይሄ መጀመሪያ በጣም ነበር ያናደደኝ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ለማስተካከል ሰው ፍለጋ ግቢውን ልዙር? ጥቅሙ የገባኝ ፊቼ ጫምባላላ ላይ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። ዜናው ትንሽ ቢቆይም ለእኛ አዲስ ነበር። አንዷ ልጅ ጻፈችው፤ በዓሉ የሚውልበትንም ቀን እንደ ገና በዓል ቁርጥ አድርጋ አስቀመጠች። አብረን እያነበብን ሳለ ሥዕል የሚሠራልን የሲዳማ ልጅ ከኋላችን ቆሞ ይሰማል። "ቆይ ቆይ፣ ቀኑን ማን ነገራችሁ?" አለ። ቀኑን የሚያስታውቁት አያንቶ የሚባሉት አባቶች ናቸው፤ ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ነው፤ በየዓመቱም ይለያያል። ሄዶ አያቱን ጠይቆ መጣ። የጽሑፉም ዋና ነገር ይኸው የቀን አቆጣጠር ሆነ። ልጆች "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩና ቡርሳሜ የሚባለው ምግብ ሲቀርብላቸው የሚያሳየውን ሥዕልም ራሱ ሠራው። እኔ ብቻዬን ባርመው ኖሮ ነጠላ ሰረዙ ይስተካከል ነበር። ቀኑ ግን እንዳለ ይወጣ ነበር።

የከበደን የውሃው ጉዳይ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ዘጋቢ ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ጻፈች። ውሃ የለም። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ትምህርቷን ትታ ቤቷ ትሄዳለች። ይህንኑ ነው የጻፈችው፣ ምንም ሳትቀባባ። ዩኒት ሊደሩ ረቂቁን አይተው "የትምህርት ቤቱን ስም ልታጠፉ ነው?" አሉ። ይውጣ፣ ይቅር እያልን ለሁለት ተከፈልን። ገጣሚው "እኔ ሄጄ ልከራከር" አለ፤ አንደበት አለውና። ዋና አዘጋጇ እንቢ አለች። "የጻፈችው እሷ ናት፤ የምታስረዳውም እሷ ናት። እኔ አብሬያት እገባለሁ።"

ሁለቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ፣ እኛ በረንዳው ላይ ቀረን። ተስማምተው ወጡ። ጽሑፉ እንዳለ ይወጣል፣ ከጎኑ የትምህርት ቤቱ መልስ ይወጣል። መልሱን ዳይሬክተሩ ራሳቸው ጻፉት። ረጅም ነበር፣ እርማትም ይፈልግ ነበር። ሕጉ ሕግ ነውና እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ አረምኩት። እንደዚያ ቀን ላብ አጥምቆኝ አያውቅም። ቆየት ብሎ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሮቶ ተተከለ። ጋዜጣው ነው ያስተከለው ብዬ ግን አልምልም፤ በጀቱ ቀድሞ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። የበታቹ የለፋበትን ሪፖርት በራሱ ስም ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ አለቃ ስንቱን አየሁ መሰላችሁ። የእኛ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ የሁሉም ስም ይወጣ ነበር። ኮላ ይዞ ሰሌዳው ላይ የሚለጥፈው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስም ሳይቀር። የዋና አዘጋጇ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ርዕሰ አንቀጹን እንኳ በየተራ ለእኛ ነበር የምትሰጠን።

ሰኔ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሲሰናበቱ የሳጥኑን ቁልፍ ለዚያ ለለጣፊው ልጅ ሰጠችው። ጉርምርምታ ተነሣ። ልጁ አንድ አንቀጽ ጽፎ አያውቅም፣ ገና አሥረኛ ክፍል ሊገባ ነው። እኔም ከተንጎራጎሩት አንዱ ነበርኩ፤ ቁልፉን ስጠብቅ ነበራ። በእኛ ዓመት የመጀመሪያው እትም የወጣው ኅዳር ላይ ነው። ልጁ ጥቅምት ላይ አወጣው፣ ውሃው ይመጣ እንደሆነ የሚከታተል ዓምድም ጨመረበት።