ባትሪዋ የሞተ ቪትዝ ኮፈን እንዴት እንደከፈትሁ

ባለፈው ክረምት የፍልሰታን ሱባኤ በመርጡለ ማርያም አሳልፌ ነሐሴ 17 ቀን አመሻሽ ላይ ደብረ ማርቆስ ስገባ፣ ግቢዬ ውስጥ አቁሜያት የሄድሁት ቪትዝ ሪሞቱን ደጋግሜ ብጫነውም ድምፅ አልሰጥ አለችኝ። ጭቃውን ፈርቼ በአውቶቡስ መሄዴ ትክክል ነበር፤ ከመሄዴ በፊት ከኋላ ወንበር ጃንጥላ ስፈልግ ያበራሁትን የጣሪያ መብራት ሳላጠፋ መውጣቴ ግን ዋጋ አስከፈለኝ። ቆይቼ እንዳሰላሁት፣ 5 ዋት የሚፈጀው ያ ትንሽ አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 0.4 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ 35 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪዬን ለመጨረስ አራት ቀን እንኳ አይፈጅበትም።

በዚያ ምሽት የተሳሳትሁት ኮፈኑም እንደ በሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት መስሎኝ ነው። ባትሪው ያለው ከኮፈኑ ሥር፣ ኮፈኑን የሚከፍተው ደግሞ ባትሪው ከሆነ፣ ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እውነቱ ግን በቪትዝም ሆነ በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ኮፈኑ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ከክሩስኮቶው ሥር ያለው እጀታ ሲሳብ፣ በጎማ ልባስ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን የብረት ሽቦ ከራዲያተሩ በላይ ያለውን መቀርቀሪያ ይለቅቃል። ስለዚህ ባትሪ ሲሞት የሚቸግረው ኮፈኑን መክፈት ሳይሆን እጀታው ወዳለበት ወደ ውስጥ መግባት ነው።

ይህን ሳላውቅ ግማሽ ሰዓት ያህል በነጂው በር ጠርዝ ካቻቢቴ እየሸጎጥሁ ስታገል ቆየሁና፣ ያተረፍሁት አንድ ጣት የሚያህል የተላጠ ቀለም ብቻ ሆነ። በዚያ በር ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የለም። መኪናዋ መሪዋ በቀኝ ሆኖ ተሠርታ በኋላ ወደ ግራ የተዛወረላት ናት፤ መሪውን ያዛወሩት ሰዎች በሮቹን አልነኳቸውም፤ ስለዚህ ቀዳዳው አሁንም በቀኝ በኩል፣ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት በር ላይ ነው። ለሁለት ዓመት የነዳኋትን መኪና ዞር ብዬ አለማየቴን ያስታወሱኝ፣ በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው የዓባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። «መምህር፣ ብረቱን ተውና በዚያኛው በኩል ቁልፍህን አስገባ» አሉኝ።

ቁልፉ ገባ፤ ነገር ግን አልዞረም። ሁልጊዜ በሪሞት ስለምከፍት ቀዳዳው አቧራ ጠጥቶ ደርቆ ነበር። የምግብ ዘይት ላምጣ ብል ጋሼ ከለከሉኝ፤ ዘይቱ ለጊዜው ቢያለሰልስም አቧራውን ይዞ ኋላ እንደ ሙጫ ይሆናልና። በምትኩ የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ በምላጭ አስፍቀው፣ ጥቁሩን ዱቄት በቁልፉ ጥርሶች ላይ ነስንሰው፣ ሳያስገድዱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያመላለሱ ጥቂት ከቆዩ በኋላ በሩ ተከፈተ። የኮፈኑ እጀታም በዚያው በቀኝ በኩል፣ ከተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ በላይ ነበር።

እጀታውን ስስበው ግን የምጠብቀውን «ጧ» የሚል ድምፅ አልሰማሁም። በእልህ ደግሜ ልስበው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ፤ እዚህ ላይ ኃይል የሚጨምር ሰው ሽቦውን ይበጥሳል፣ ሽቦው ከተበጠሰ ደግሞ ከመኪናው ሥር ተኝቶ መቀርቀሪያውን በብረት ከመፈለግ በቀር መላ የለም። መቀርቀሪያው ቅባት አጥቶ ሲዝግና ኮፈኑ በጥብቅ ሲቀመጥበት፣ ሽቦው ቢሳብም የመቀርቀሪያው ጥርስ ከተሸከመው ክብደት ሥር መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ እርሳቸው ከፊት ቆመው በሁለት መዳፋቸው ልክ ከመቀርቀሪያው በላይ ኮፈኑን ወደ ታች ጫን ሲያደርጉ፣ እኔ በዚያችው ቅጽበት እጀታውን ቀስ ብዬ ሳብሁ፤ እርሳቸው ሲለቁ ኮፈኑ ሁለት ጣት ያህል ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መኪና በጉዞ ላይ ሳለ ኮፈን እንዳይነሣ የሚይዘው ሁለተኛው ምላስ ነው፤ እርሱንም በስንጥቁ ጣት አስገብቶ መግፋት ብቻ ነው።

ባትሪውን በቴስተር ስንለካው 6.8 ቮልት አሳየ፤ የሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ይጠጋል። የመንደራችን የአይሱዙ ሹፌር መኪናውን ሊያቀርብልን ሲነሣ ጋሼ ምስጋናቸውን አቅርበው መለሱት፤ የእርሱ አይሱዙ በሁለት ባትሪ 24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የቪትዝን ኮምፒዩተር ሊያቃጥለው ይችላልና። በ12 ቮልት ፒክአፕ ቀዩን ገመድ ከአዎንታዊ ወደ አዎንታዊ፣ ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ አሉታዊ ወደ ቪትዟ ሞተር ባዶ ብረት አሰርን። የመጨረሻው ጫፍ ከባትሪው ራቅ ብሎ የሚታሰረው፣ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል ስለሚችል ነው። ጫፉ ብረቱን እንደነካ የማንቂያው ጩኸት ተነሣና የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ቀሰቀሰ፤ ሪሞቱን በድንጋጤ ከየኪሴ ስፈልግ ጎረቤቶች በየአጥሩ ብቅ ብቅ ብለው ነበር። ፒክአፑ አሥር ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ቪትዟ ተነሣች።

ነገሩ በነዳጅ መኪና ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በባሕር ዳር የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ወንድሜ፣ ከትልቁ ባትሪ ሌላ በሩንና ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ 12 ቮልት ባትሪ እንዳለው የሰማው ከእኔ ነው። እንደ ቴስላ ባሉት የፊት ኮፈኑ ራሱ በኤሌክትሪክ ስለሚለቀቅ፣ ከውጭ 12 ቮልት የሚሰጥበት ቦታ ተዘጋጅቶለታል፤ እንዲህ ያለውን መኪና የገዛ ሰው ቦታውን መኪናው ሳይሞት በፊት ከመመሪያው ቢያነብ ይሻለዋል።

በማግስቱ የባትሪውን ጫፎች ነጭ ዝገት ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ አጠብሁ፤ መቀርቀሪያውን ናፍታ በነካ ብሩሽ ጠርጌ ግራሶ ቀባሁት። ሽቦው ጫፉ ላይ ሁለት ክሩ ተበጥሶ ስለተገኘ መካኒኩ ለወጠው። በዚያው አጋጣሚ ሌላ ቀጭን ሽቦ ከመቀርቀሪያው ክንድ ላይ አስሮ፣ ዋናው ቢበጠስ ከውጭ እንዲሳብ አድርጎ ደበቀልኝ። የት እንደተደበቀ ከእኔና ከጋሼ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ እዚህም አልጽፈውም።