ዘፈኑን ማን መረጠው?

ቤዝቦል ሳይ በጉጉት የምጠብቃት አንዲት ቅጽበት አለች። መቺው ዱላውን ይዞ ሲመጣ ስታዲየሙ ውስጥ የሚለቀቅለት ዘፈን። ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ወዲያው ትቆረጥና ሁሉም ሰው ዓይኑን ወደ ወርዋሪው ይመልሳል። ግን አስቡት፣ ተጫዋቹ ማልያውን አልመረጠም፣ የሚመታበትን ተራ አሰልጣኙ ነው የሚወስንለት፣ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ሲሸጥም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። ዘፈኑን ግን ራሱ ይመርጣል። ያውም በሜዳው ሲጫወት ብቻ፤ እንግዳ ሆኖ ሲሄድ ዘፈን የሚያጫውትለት የለም።

ራሱ ይመርጣል ስል ግን ሁሌም እንደዚያ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ዝነኛ የሆነውን የመግቢያ ዘፈን ባለቤቱ አልመረጠውም።

የማሪያኖ ሪቬራን ማለቴ ነው። ፓናማዊው ሪቬራ የኒውዮርክ ያንኪስ ክሎዘር ነበር። ክሎዘር ማለት ቡድኑ በጠባብ ውጤት እየመራ ሳለ መጨረሻ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘጠነኛውና በመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር)፣ ገብቶ ድሉን የሚያስጠብቅ ወርዋሪ ነው። ከ1999 ጀምሮ (ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሜዳው አጥር በር ተከፍቶ ሪቬራ ሲወጣ የሄቪ ሜታል ባንዱ የሜታሊካ «ኢንተር ሳንድማን» ይለቀቅ ነበር። መጀመሪያ ያቺ ጊታር ብቻዋን፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ከበሮው። ያኔ ሰዉ ከመቀመጫው ተነስቷል፣ የተጋጣሚው ቡድን ደግሞ ዝም ብሏል።

ይህን ሁሉ ያመጡት የስታዲየሙ ሠራተኞች ናቸው። በ1998 ያንኪስ ለዋንጫ የተጋጠመው ከሳንዲያጎ ፓድሬስ ጋር ነበር፤ የፓድሬሱ ክሎዘር ትሬቨር ሆፍማን ደግሞ ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ የሚገባው በሮክ ባንዱ በኤሲ/ዲሲ «ሄልስ ቤልስ» ነበር። ዘፈኑ የሚጀምረው በደወል ነው። ከባድ ደወል፣ አንድ፣ ከዚያ ረጅም ፋታ፣ ከዚያ ሌላ። የኒውዮርክ ሰዎች ያንን ሰምተው «የእኛስ ሰውዬ?» አሉ፤ ዘፈን ፈልገው አመጡለት። ሪቬራ ደግሞ አጥባቂ ክርስቲያን ነው፣ የሄቪ ሜታል ሰው አይደለም። ምረጥ ቢባል ሌላ ነገር እንደሚመርጥ ራሱ ተናግሯል። ዘፈኑ ሲጫወት ግን እሱ በቃ ወደ ሥራው ነበር የሚሄደው።

ታዲያ ያ ዘፈን ለምን ያን ያህል አስፈሪ ሆነ? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። ከዘፈኑ በኋላ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ሪቬራ 652 ጨዋታ ዘግቷል፣ እስካሁን የደረሰበት የለም። ያው ጊታር ያው መጨረሻ፣ ዓመት አልፎ ዓመት። ለአንድ ጀማሪ ያንኑ ዘፈን ብትለቁለት ጥሩ ዘፈን ይሆናል እንጂ ማንንም አያስፈራም። ሊሰናበት ሲል፣ መስከረም 22 ቀን 2013፣ ሜታሊካዎች ራሳቸው ያንኪ ስታዲየም መጥተው ተጫወቱለት። ዘፈኑን ያልመረጠው ሰው ወደ ሜዳው የገባው ባንዱ ራሱ እየተጫወተለት ነበር። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተቀዳ ዘፈን መልቀቅ ከመለመዱ በፊትም ነበር። ቺካጎ ውስጥ ናንሲ ፋውስት የምትባል ሴት ከ1970 እስከ 2010 ለከተማው ቤዝቦል ቡድን ለዋይት ሶክስ በስታዲየሙ ኦርጋን ተጫውታለች። ተጫዋቹ ሲመጣ ከስሙ ወይም ከትውልድ ቦታው ጋር የሚሄድ ዜማ ታነሳለች። እዚያም ቢሆን መራጯ እሷ ናት። አድማጩ ቀልዱን ሲይዝ ይስቃል፣ ያልያዘው ጎረቤቱን ይጠይቃል።

እሺ፣ ተጫዋቹ ራሱ ሲመርጥስ? እዚህ ላይ ጌራርዶ ፓራን ሳላነሳ አላልፍም። በ2019 ጸደይ ከቡድኑ ተሰናብቶ ነው ወደ ዋሽንግተን ናሽናልስ የመጣው። ሰኔ ላይ መምታት ጭራሽ አቃተው፤ 22 ጊዜ በተከታታይ ሞክሮ አንድም አልተሳካለትም። በዚህ መሀል የመግቢያ ዘፈኑን ቀየረ። ወደ ምን? ወደ «ቤቢ ሻርክ»! አዎ፣ የሕፃናቱ ዘፈን። የሁለት ዓመት ሴት ልጁ ስለምትወደው።

ሌላው ሁሉ ጠንካራ፣ ቁጡ፣ «እኔን ፍሩኝ» የሚል ዘፈን ሲፈልግ ይህ ሰው ልጁ የምትጨፍርበትን ይዞ ወጣ። መምታትም ጀመረ። ከዚያ ደጋፊው ዘፈኑን ተቀበለው። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ባለ ከረባቶች፣ ሁሉም ሁለት እጃቸውን እንደ ዓሣ መንጋጋ ከላይና ከታች እያጋጩ ያጨበጭባሉ። ናሽናልስ በዚያው ዓመት ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ዘፈኑ ዋንጫ አመጣ አልልም። ግን ያን ዓመት ያየ ሰው ያን ጭብጨባ አይረሳም። ፓራ የመረጠው ለልጁ ነበር፤ የዋሽንግተን ደጋፊ ደግሞ የራሱ አደረገው።

አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ልናገር። ከ2023 ጀምሮ ቤዝቦል ሰዓት ገብቶለታል። በአንዱ መቺና በሚቀጥለው መካከል 30 ሰከንድ ብቻ፣ መቺውም ከዚያ ቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆም አለበት። ጨዋታው ስላጠረ አልከፋም፣ ድሮ በጣም ይጎተት ነበር። ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ መቺው ኮዲ ቤሊንጀር በቺካጎ ካብስ ማልያ ወደ ድሮ ቡድኑ ዶጀርስ ስታዲየም ሲመለስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፣ እሱም ምስጋናውን ሲቀበል ሰዓቱ አለፈበትና ተቀጣ። ለእንዲህ ያለች ቅጽበት እንኳ ትንሽ ይታገሡ እንጂ!

ኤድዊን ዲያዝን ደግሞ እዩት። የኒውዮርክ ሜትስ ክሎዘር የነበረ፣ ከፖርቶ ሪኮ። ዘፈኑ «ናርኮ» ነው፣ ብላስተርጃክስ የሚባሉት ዲጄዎች ከመለከት ነፊው ቲሚ ትራምፔት ጋር የሠሩት፣ መለከት ያለበት። በ2022 ዲያዝ በሚገባበት ሰዓት በሜትስ ስታዲየም በሲቲ ፊልድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይገኝም ነበር፤ መለከቱን ሁሉም በአፉ ይጫወተዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቲሚ ትራምፔት ራሱ መለከቱን ይዞ መጣ። ማክሰኞ ማታ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሜትስ ግን እየተመራ ስለነበር ዲያዝ ሳይገባ ጨዋታው አለቀ። ዘፈኑን የሠራው ሰው በአካል ተገኝቶ፣ መለከቱ እጁ ላይ ሆኖ፣ መጫወት አልቻለም። ዘጠነኛው ኢኒንግ አልጠራውማ!

ሰውዬው አልሄደም። አንድ ቀን ቆየ። ረቡዕ ማታ ሜትስ ዶጀርስን 2 ለ 1 እየመራ ዘጠነኛው ኢኒንግ ደረሰ። በሩ ተከፈተ፣ ዲያዝ መሮጥ ጀመረ፣ መለከቱም ተነፋ። ጨዋታው እዚያው 2 ለ 1 ተዘጋ።