በረቱን የፈታን ቀን

በረቱ ይፍረስ እያልኩ አባባን ሦስት ዓመት ጨቅጭቄያቸዋለሁ።

«አንድ ቀን በጎቹ ላይ ይወድቃል» እላለሁ።

«እስካሁን ወድቋል?» ይሉኛል።

ዘንድሮ ክረምት ግን የሰሜኑ ካብ ሆድ አወጣ። ያኔ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርኩትና ጥር ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይቀድመኝ፣ ወደ መንዝ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ሆኜ ያወጣሁት ዕቅድ ቀላል ነበር። ገመድ ምሰሶው ላይ ማሰር፣ መሳብ፣ አለቀ። የግማሽ ቀን ሥራ! ጎረቤት በደቦ ተሰበሰበ። ውርጩ ገና ሣሩን አልለቀቀም። ሰዉ ባናውን ደርቧል፤ እኔ በስስ ጃኬት እንቀጠቀጣለሁ። ገመዴን ስተረትር አባባ አዩኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላፈርሰው ነዋ።»

«በረት አይፈርስም። ይፈታል።»

የቃላት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብን።

መጀመሪያ ክዳኑ ወረደ። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ነው። ላዩ ጠቁሮ በስብሷል፣ ከሥር ያለው ግን ትናንት የታጨደ ይመስላል። የመኖሪያ ቤት ክዳን የምድጃ ጭስ ስለሚያገኘው ይከርማል። በረት ውስጥ ማን እሳት ያነዳል? እርጥበቱ ይበላዋል። አባባ ልጅ ሳሉ የጓሳው መሬት ቄሮ በሚባል የጋራ የጥበቃ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። (እሱ እንኳ ፈረሰ እንጂ አልተፈታም።)

ማገሩ የታሰረው በልጥ ነው። እኔ በመጥረቢያ ልመታው ስል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። ልጡ ይቆረጣል፣ እንጨቱ አይነካም። ምሰሶዎቹ ጽድ ናቸው። መሬት ውስጥ የኖረው ጫፋቸው ትንሽ ሲፋቅ ሽታው ግቢውን ሞላው። ቆይቶ የተጨመረው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ግን በእጅ ተፈረፈረ። እሱን ያቆሙት አባባ ናቸው። ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ እንደ ፊልም ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር እናገኛለን ብዬ ስጠብቅ ነበር። የተገኘው አይጥ ነው። ብዙ አይጥ። ውሻችን እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም።

እማማ ደግሞ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር። የስንት ዓመት ደረቅ ፍግ ነው፤ እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ማገዶ ማለት ነው። ሌላ ሰው ሳያስበው በአካፋ እየቆረጠች ከመረችው።

ለአዲሱ በረት ክዳን ቆርቆሮ ይዤ ሄጃለሁ። አባባ አገላብጠው አዩት። «ለግልገል ብርድ ነው» አሉ። ከሥሩ ጓሳ ይነጠፍ ተባለ። ተስማማሁ፤ ባልስማማስ?

በሦስተኛው ቀን ማታ የቀረው በሁለት ጎኑ ጥቂት ድንጋይ የያዘ መቃን ብቻ ነበር። በጎቹ ከግጦሽ ተመለሱ። ግራውም ቀኙም ወና ነው። እነሱ ግን እንደ ወትሮው በመቃኑ ተጋፍተው ገቡ። አባባም እንደ ወትሯቸው በሩ ጋ ቆመው ቆጠሩ።

አንዷ ጎደለች። እንደገና አስወጥተው ቆጠሩ። ለካ አንደኛዋ በጎን በኩል ገብታ ኖሯል።