የፈረሱ ፉርጎ

ስድስቱ ድንጋይ ጫኝ የሞዴል ባቡር ፉርጎዎች ሐሙስ ማታ ሐዲድ ላይ ወጡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ የሠራኋቸው ናቸው። አንዱ ፉርጎ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣቴ አንድ አንጓ አይበልጥም።

የምሠራው በ1:76 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 76 ጊዜ አሳንሼ ሲሆን ሐዲዴ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። መነሻዬ ዌልስ ውስጥ ያለው የፌስቲኒዮግ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 የተከፈተው ለጣሪያ ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተራራ ወደ ወደብ ለማውረድ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 597 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የመደበኛው ሐዲድ 1,435 ነው። አስልቶ ለሚፈትሽ ሰው የእኔ ሐዲድ ሰፋ ይልበታል፤ ልክ ይሁን ከተባለ 8 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 9ኙን የያዝኩት የ1:160 ሞዴሎች መንኮራኩርና ሞተር ስለሚገጥምበት ነው። ስፋቱ ዓይን እንዳይስብ አግዳሚ እንጨቶቹን በጠጠርና በሣር ግማሽ ድረስ ቀበርኳቸው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ የገጠር መስመርም ያምርበታል።

ጭነቱ ግን አደከመኝ። እውነተኛ ድንጋይ ይሻላል ብዬ ስስ ስባሪዎችን በወረንጦ እያነሳሁ ደረደርኩ። ከሩቅ ያምር ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ስህተቱ ገባኝ፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስባሪ በእውኑ ዓለም 76 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ሁሉንም አራግፌ በወረቀት ጀመርኩ። ግራጫ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብቼ፣ 8 በ4 ሚሊ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩ። ይህ ልክ ድንጋይ ቆራጮቹ «ዱቼስ» የሚሉት መጠን ነው፤ 24 በ12 ኢንች። ለድንጋዮቻቸው የመኳንንት ሴቶችን ማዕረግ መስጠታቸው ደስ ይለኛል። ወረቀቶቹን እንደ እውነቱ በጠርዛቸው አቁሜ ነው የደረደርኳቸው፤ ተጋድመው ከተጫኑ ጭነቱ የጡብ ክምር ይመስላል።

ወረቀት ደግሞ ክብደት የለውም። ባዶው ፉርጎ 3 ግራም ነበር፤ ሎኮሞቲቩ ወደኋላ ሲገፋው የሐዲዱ መቀየሪያ ላይ ሲደርስ በየጊዜው ከሐዲዱ ይወጣል። በጭነቱ መሀል ስስ የእርሳስ ብረት ቀብሬ በወረቀት ሸፈንኩት። አሁን እያንዳንዱ 8 ግራም ይመዝናል፤ ሐሙስ ማታ መቀየሪያውን ሃያ ጊዜ አለፉት፣ አንዱም አልወጣም።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ጠመኔ ፈጭቼ በደረቅ ብሩሽ አራገፍኩባቸው፤ ድንጋይ የሚፋተግበትን የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በሸካራ ወረቀት ነካ ነካ አደረግኩ። ያለ ቦታው የተቀባ ዝገት አልወድም። ፉርጎ የሚያረጀው በሚሠራበት በኩል ነው።

የፌስቲኒዮግ ባቡር ቁልቁል ሲወርድ ጎታች አልነበረውም። የተጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ፣ ሰዎች ላያቸው ላይ ተቀምጠው ፍሬን ይይዛሉ። የእኔም እንዲወርዱ ስለፈለግኩ አንድ ሜትር ሐዲድ ጣውላ ላይ አስሬ አንዱን ጫፍ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግኩት። እውነተኛው መስመር በአማካይ 1:80 ገደማ ቁልቁለት ነበረው፣ በ80 ሜትር አንድ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው፤ የእኔዎቹ በዚያ ንቅንቅ አላሉም። ጫፉ 25 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን፣ ማለትም 1:40፣ የመጀመሪያው ተንቀጠቀጠና ሄደ። ከዚያ አምስቱ ተከተሉት።

ልጄ አጠገቤ ሆና ታይ ነበር።

«አባዬ፣ ባዶዎቹን ማን ወደ ላይ ይመልሳቸዋል?»

«ፈረስ ነዋ።»

«ሲወርዱስ ፈረሱ የት ነው?»

«እሱም ይሳፈራል፤ ከኋላ የራሱ ፉርጎ አለው።»

«ታዲያ የታለ?»

የለኝም ነበር። የፈረሱን ፉርጎ ስለማውቀው ብቻ ያለ ያህል ቆጥሬው ኖሯል። ሎኮሞቲቭ መግዛት፣ ጣቢያ መሥራት፣ ጥላ ማቆም ሁሉ ቀደመ፤ ባቡሩን ወደ ላይ የሚመልሰው ግን ተረሳ። በማግሥቱ የተረፈ ፉርጎ ወለል ላይ አራት ቋሚ እንጨት ተክዬ፣ ጎኑን በስስ ጣውላ ከለልኩና በኋላ በኩል ክፍት ተውኩት።

አንድ ነገር ግን መወሰን ነበረብኝ። በዚያ መስመር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የገባው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ሽቅብ መጎተቱን ከፈረሶቹ የተረከበው እሱ ነው። የእኔ ሎኮሞቲቭ እያጨሰ ፈረሱ በዚያው ሐዲድ ላይ ፉርጎ ቢጎትት አይሆንም። ስለዚህ የፈረሱ ባቡር በሚወጣበት ማታ ሎኮሞቲቩ ቤቱ ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። ለስድስት ፉርጎና ለአንድ ፈረስ ሲባል ሐዲዴ የተዘረጋበት ሰሌዳ ሁለት ዘመን ይኖረዋል፤ ከመቀላቀል ይህን መረጥኩ።

ፈረሱ ትከሻው ጋ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ቡናማ ቀብቼው፣ የግራ የፊት እግሩን ከሰኮናው በላይ ነጭ አደረግኩለት። ልጓሙ የጥቁር ክር ቁራጭ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኝ ሦስተኛው ያዘ። ልጄ ፉርጎው ውስጥ ድርቆሽ ይግባለት ስላለች አሁን ቃጫ እየፈታሁ ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር እቆርጣለሁ።